ሁለት ጣት ዝቅ ብላ የመጣችው መኪና

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የሰፈረው፤ በሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ «ሚዛኑ» በመባል የሚታወቅ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የመኪና መካኒክ (የሞላና የሾክ ሥራ)
አድራሻ፦ ከጎማ መሸጫው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው ጋራዥ፤ መኖሪያውም እዚያው
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20
ጉዳዩ፦ ባለፈው እሑድ በድሪፍት ውድድር ላይ የደረሰ የሞት አደጋ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር በጋራዥ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። አደጋውን ያደረሰችውን ነጭ መኪና ሲነዳ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ነው። በአደጋው የሞቱት የውድድሩ ባንዲራ ያዥ፣ እኔንም ወንድሜንም መንዳት ያስተማሩን፣ ሁለታችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሰው ነበሩ።

መኪናዋን ለድሪፍት፣ ማለትም ኋላዋን እያንሸራተተች ኩርባ እንድትዞር አድርጌ ያዘጋጀኋት እኔ ነኝ። ሥራው አራት ወር ፈጅቶብኛል። መኪናዋ ቀላል ናት፤ የኋላ ወንበሯንና ምንጣፏን አውጥተን ስንመዝናት ስምንት መቶ ኪሎ አልሞላችም። እንዲህ ያለች መኪና ጠንካራ ሞላ (ክብደቷን የሚሸከም ጥምዝ ብረት) አትወድም። ሞላው ከጠነከረባት ጎማዋ መሬቱን ይዞ በመንሸራተት ፈንታ እንደ ኳስ ይነጥራል። ስለዚህ ለኋላዋ ለስለስ ያለ ሞላ መርጬ የሞላውን ንጥረት የሚያረግበውን ሾክ ከእሱ ጋር አስማማሁት። ውድድሩ በሚደረግበት የተዘጋ ፋብሪካ ግቢ፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣ የሲሚንቶው መገጣጠሚያ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ወጥቷል። እሱንም በርከክ ብዬ በእጄ ለክቼዋለሁ፤ መኪናዋ ስትረግጠው ቁጭ ብላ እንድታልፍ አድርጌ ነው ያስተካከልኳት። ሐሙስ ዕለት ወንድሜ ስድስት ጊዜ ሞክሯት አንድም ጊዜ አልነጠረችም።

በዚያው ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ የውድድሩ አስተዋዋቂ ማይክሮፎን ይዞ መጥቶ መኪናዋን ማን እንደሠራት ወንድሜን ጠየቀው። ወንድሜም «ማን ይሠራልኛል፤ ራሴ ነኝ እንጂ» አለ። እኔ ያን ጊዜ መኪናዋ ሥር ተኝቼ ብሎን እያጠበቅኩ ነበር። ወጥቼ ስጠይቀው «እንዲያው ለወሬ ያህል ነው ባክህ፣ ምን ታካብዳለህ» አለኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድኩ። እስከ እሑድም አልተነጋገርንም።

እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ግቢው ስደርስ መኪናዋን ሁለት ጣት ዝቅ ብላ ቆማ አገኘኋት። ጠጋ ብዬ ከጎማው በላይ ባለው ክፍተት ስመለከት የእኔ ሞላ የለም። ከአንድ ከባድ መኪና የወጣ ቀይ ሞላ ተቆርጦ ገብቷል። መኪና ዝቅ ስትል ለፎቶ ታምራለች። ሾኩ ግን እኔ ያስገባሁት ነው፤ ያንን ሞላ ሊይዘው አይችልም። ምን እንደሚከተል አላጣሁትም። ወንድሜ ሳይ አየኝና ፊቱን አዞረ። እኔም ዝም አልኩ። በልቤ ያልኩት «ራሱ ሠርቷት የለ፣ ራሱ ይወጣው» ነው።

ጋሼ ባንዲራቸውን ይዘው ወደ ሦስተኛው ኩርባ ሲያልፉ ትከሻዬን መታ አደረጉኝና «ምነው ፊትህ ጠቆረ? ደግሞ ተኳረፋችሁ?» አሉኝ። «ደክሞኝ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ኧረ ተወው፣ ታናሽህ አይደል?» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

በመጀመሪያው ዙር ወንድሜ ቀስ ብሎ ነበር የነዳው። ያም ሆኖ መኪናዋ መገጣጠሚያውን ስትረግጥ ከሥር ብረት ከብረት ሲጋጭ አጥሩ ጋ ቆሜ ሰምቻለሁ። ከዚያ እስከ ሁለተኛው ዙር አሥር ደቂቃ ያህል ነበረ። ከቆምኩበት እስከ መኪናዋ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። አልሄድኩም። እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

ከረፋዱ 5፡10 ላይ ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። ወንድሜ በኃይል ገባ። መገጣጠሚያው ላይ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች መሬት ለቀቁ። ስታርፍ እንደገና ነጠረች፣ ከዚያ በጎኗ ሄዳ የተደረደሩትን አሮጌ ጎማዎች ጥሳ ከኋላቸው ቆመው የነበሩትን ጋሼን መታቻቸው። መጀመሪያ ደርሼ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። ባንዲራውን ከእጃቸው ማስለቀቅ አልቻልኩም። ሆስፒታል ሳንደርስ ሞቱ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወንድሜ ግንባሩ በፋሻ ታስሮ ወደ እኔ መጣ። «ለፖሊስ ቀዩን ሞላ ያሰረው ወንድሜ ነው ብያለሁ። አንተ ብቻህን ነህ፣ እኔ ልጆች አሉኝ። ደግሞስ ሥራው ያንተ አይደል?» አለኝ። ሐሙስ የእሱ የነበረው ሥራ እሑድ የእኔ ሆነ። እኔ ያስገባሁትን የሞላ ዓይነትና ከፍታ የጻፍኩበትን ደብተር ለመርማሪው አስረክቤያለሁ።

ይህንኑ ተናግሬ፣ ራሴን ነፃ አውጥቼ ለመሄድ ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን ትናንት ከሰዓት በኋላ ጋሼ ቤት ልቅሶ ደረስኩ። ባለቤታቸው እጄን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። «ወደዚያ ሲሄድ ሰግቼ አላውቅም ነበር ልጄ። አንተ አለህ እያልኩ ነበር የምሸኘው» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። እዚያም ዝም አልኩ።

ስለዚህ መርማሪው ያልጠየቀኝን እዚህ ላይ ጨምሬ ተናግሬያለሁ። ሞላውን የቀየርኩት እኔ አይደለሁም። ተቀይሮ አይቼ፣ ሲጋጭ ሰምቼ፣ ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

ይህ ቃል ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት እውነት ነው። መርማሪው አንብቦልኛል፤ የትኛውም መስመር ይውጣልኝ አላልኩም። ፍርድ ቤት ብጠራ ወንድሜም የሟች ባለቤትም ባሉበት ቆሜ ይህንኑ እደግመዋለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ______________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ______________