ለፋሲካ የተቀመጠው ክኒን

ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ከገሳይ ድረስ ተነሥተው፣ ደብረ ታቦር እኔ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። ሐኪም «አጥንትዎ ሳስቷል» ብሏቸዋል። እኔም የተማርሁትን ላሳይ ብዬ፣ «የኔታ፣ አጥንታችን ውስጥ አሮጌውን የሚያፈርሱ ሕዋሳት አሉ። በውስጣቸው ‹አፍርሱ› የሚለውን ትእዛዝ እንዲቀባበሉ የሚረዳ ኢንዛይም አለ። በእርጅና ማፍረሱ ከመገንባቱ ይበልጣል። ይህ ክኒን ኢንዛይሙን ይይዘውና አፍራሾቹ ይደክማሉ» አልኋቸው።

«የአፍራሹን አፍ የሚለጉም ነዋ!» ብለው ሳቁ። በሳምንት አንድ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በብርጭቆ ሙሉ ውሃ ብዬ ሸኘኋቸው።

በትንሣኤ ማግስት ሆስፒታል ተኝተው አገኘኋቸው። ስቅለት ዕለት ሲሰግዱ ወድቀው የጭናቸው አጥንት ተሰብሯል። ክኒኑ በነጠላቸው ጫፍ እንደተቋጠረ ነው፤ አንዱም አልተነካም።

«ምነው የኔታ፣ ለምን አልዋጡትም?» ብዬ ተቆጣሁ።

«ሁዳዴ ነበር እኮ ልጄ። አንተ ደግሞ በጠዋት ውሃ ጠጣ አልኸኝ። በእጄ ያደግህ ዲያቆን ጾሙን ይስተዋል አላልሁም። ለፋሲካ ነው ያዘዘልኝ ብዬ አስቀመጥሁት። አሁን ልጀምረው?»

ሁዳዴን መጾም ከተውሁ ዓመታት አልፈዋል። ይህን ለየኔታ መናገር አቃተኝ።