በስልክ የማይነገር ቁልፍ

ያን ቀን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሄድኩት የተዋስኩትን መጽሐፍ ለመመለስ እንጂ ምክር ለመስማት አልነበረም። ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ባለቤቴ እንደምትለው ምክር መስጠት እንጂ መቀበል አይሆንልኝም። የመጽሐፍ መመለሻውን ፈልጌ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለውን በር ገፋ ሳደርግ ግን እግር ጥሎኝ ሌላ ቦታ ገባሁ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በአሮጌ ብርድ ልብስ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነው። አንድ ሸበቶ ሽማግሌ ማይክራፎን ፊት ተቀምጠው ስለ ወንዞች አፈጣጠር ያነባሉ። ያንኑ ትምህርት ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ወንዝ እንዲህ የሚያምር ነገር መሆኑን አላወቅኩም ነበር። አፌን ከፍቼ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ የብርድ ልብሱ አቧራ አፍንጫዬ ገባና አስነጠሰኝ።

«ማነው?» አለች ከጥግ በኩል አንዲት ወጣት። ትልቅ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች። «በቃ፣ ገጹን እንደገና ነው የምናነበው።»

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በሩ ላይ ምንም ምልክት አላየሁም» አልኩ።

«ስንቀርጽ የሚበራው ቀይ አምፑል ተቃጥሏል። እኔ እንደሆንኩ ቢበራም ባይበራም ያው ነኝ፤ የተሰቀለው ለሚያዩት ሰዎች ነበር።»

ማየት እንደማትችል የገባኝ ያኔ ነው። ሽማግሌው ግን ሳቅ ብለው «መጀመሪያ ይማርዎ ይባላል ልጄ» አሏትና ወንበር ሳቡልኝ። መምህር መሆኔን ስነግራቸው ደግሞ ጭራሽ ልሂድ ብል የማይለቁኝ ሆኑ።

ሰውየው በጎ ፈቃደኛ አንባቢ ናቸው። ማየት ለማይችሉ ተማሪዎች የትምህርት መጻሕፍትን በድምፅ ያነባሉ፤ ከዚህ የተነሳ ትክክለኛ ስማቸው ተረስቶ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ ንባቡ» ይላቸዋል። ወጣቷ ድምፅ አራሚ ናት፤ ሳሉን፣ የወረቀቱን ኮሽታ፣ የተሳሳተውን ቃል እየቆረጠች ታወጣለች። እሷ ራሷ ከአንደኛ ደረጃ እስከ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የሳቸውን ንባብ እየሰማች ነው። የተስተካከለው ንባብ በጋሼ ንባቡ ስም በተከፈተ አካውንት በኢንተርኔት ይለቀቃል። ተማሪዎቹ ካሉበት ሆነው ያዳምጡታል፤ ያልገባቸውን በመልእክት ይጠይቃሉ፤ እሳቸውም በድምፅ ይመልሱላቸዋል። ፈተና እየደረሰ ስለነበር በዚያ ሰሞን ጥያቄው ይጎርፍ ነበር።

ሻይ እየጠጣን ሳለ አራሚዋ ጠረጴዛውን ዳበስ ዳበስ አደረገችና አንዲት ትንሽ ካርቶን አነሳች።

«ጋሼ፣ ይቺ ዛሬም አልተከፈተችም።»

«ረስቼው አይደለም ልጄ። ሆን ብዬ ነው።»

በካርቶኗ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቅኩ። ሁለት ጠፍጣፋ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጡ ቁልፎች ናቸው አለችኝ። አካውንት ውስጥ ለመግባት ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ አንዷ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክታ በጣት ትነካለች። ቤተ መጻሕፍቱ ለሠራተኞቹም ለበጎ ፈቃደኞቹም አድሏል፤ ያልጀመሩት ጋሼ ንባቡ ብቻ ናቸው።

«እኔ ምን ቸገረኝ?» አሉ ሽማግሌው። «የይለፍ ቃሌን በልቤ ይዣለሁ። በዚያ ላይ በከፈትኩ ቁጥር ስልኬ ላይ ኮድ ይመጣልኛል። ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልገኛል? ደግሞስ ግንባሬ ላይ ያደረግኩትን መነጽር ግማሽ ቀን የምፈልግ ሰው ነኝ። ይህችን ጥፍር የምታክል ነገር ስጥላት ማን ያስገባኛል?»

«ለዚህ እኮ ነው ሁለት የሆኑት። አንዷን አንገትዎ ላይ ያንጠለጥሏታል፤ ሌላዋ ቢሮው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባት ትቀመጣለች። ሁለቱንም ዛሬውኑ አካውንቱ ላይ እናስመዘግባለን። አንዷ ብትጠፋ በሌላዋ ገብተን የጠፋችውን እንሰርዛታለን።»

«ወድቃ ያገኛት ሰውስ?»

«የይለፍ ቃልዎን አያውቅማ። ቁልፏ ላይ ደግሞ ስምም አልተጻፈም፤ የማን እንደሆነች እንኳ አያውቅም።»

ይህ መልስ እኔን አጥግቦኛል። ጋሼ ንባቡ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዋናው ምክንያታቸው ሌላ ነበርና።

«እውነቱን ልንገርሽ፤ ነገሩ ሰውን አለማመን ይመስለኛል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት በድምፅ ነው። ሰው አፉን ሲከፍት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። ውሸታም ሲያወራ ትንፋሹ ያጥረዋል። ትናንት እንኳ አንድ ልጅ ደወለልኝ፤ ምን ያለ ጨዋ መሰለሽ። አፉ ማር ነው። ከአካውንቱ ድርጅት ነኝ አለኝ።»

አራሚዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ከዚያስ?»

«አካውንትዎ ሊዘጋ ነው፤ ፈተናው ሳይደርስ ላስተካክልልዎ አለኝ። በመልእክት የላከልኝን ገጽ ከፍቼ የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ። ቀጥሎ ስልክዎ ላይ ኮድ ይመጣል፣ ያንብቡልኝ አለ። እኔ ደግሞ አንብብ ከተባልኩ መቼ እምቢ ማለት አውቃለሁ? ጀመርኩለት። ግማሽ ላይ ስደርስ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋብኝ። በኋላ ስከፍተው መልእክት ትቶልኛል፤ አይጨነቁ አባቴ፣ ነገ ከሰዓት እደውላለሁ ይላል። ይኸው ዛሬ እየጠበቅኩት ነው።»

አራሚዋ ክው ብላ ቀረች። እኔም ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። እሳቸው ብቻ ሻያቸውን ፉት ይላሉ።

«ጋሼ፣ ሰውዬው ሌባ ነው» አለች።

«ድምፁን ሳትሰሚ?»

«ሳልሰማ። የይለፍ ቃልዎን ወስዷል። የቀረው ኮዱ ነው፤ እሱንም ሊያነቡለት ቁጭ ብለው እየጠበቁት ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ...» አለችና ቃሏን ሳትጨርስ ዋጠችው።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ግን ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በዚህ ዘመን ሰው ሁሉ ተጠራጣሪ መሆን እንዳለበት፣ የማያውቁትን ስልክ ማንሳት ራሱ ቂልነት እንደሆነ፣ ልክ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆምኩ ሁሉ አስረዳሁ። ጋሼ ንባቡ እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ከዚያ ብርጭቆውን ወዲያ ገፋ አደረጉት።

«መምህር፣ በዚህ ዕድሜዬ የደወለልኝን ሁሉ ልጠራጠር? የሚደውሉልኝ ተማሪዎች ናቸው። አብዛኞቹን አላውቃቸውም። አንዱ ጥያቄ ነበረኝ ጋሼ ሲለኝ፣ ቆይ አንተ ሌባ ነህ ወይ ልበለው? እንዲህ ከሆነ ንባቡም ይቅርብኝ።»

ይህን ያሉት ለማስፈራራት አልነበረም፤ ከልባቸው ነው። ነገር ላበርድ ገብቼ ጭራሽ አባባስኩት፤ አፈርኩ። ጠዋት መጽሐፌን መልሼ ቤቴ ብገባ ምን ነበረበት እያልኩ ራሴን እወቅስ ጀመር።

አራሚዋ ወንበሯን ወደሳቸው አስጠጋች። ድምፅዋ ረገብ አለ።

«ጋሼ፣ ሕፃን ልጅ ያልኩት ጥፋት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ሰው አይመኑ አልልዎትም። እርስዎ ሰው የማያምኑ ቢሆኑ ኖሮ እኔ እዚህ አልደርስም ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አልገባኝም ብዬ ስጽፍልዎ ማን እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቁኝም፤ ምዕራፉን በሙሉ እንደገና ነው ያነበቡልኝ።»

«እንዴት ይረሳኛል።»

«እሺ፣ አሁን ያ ሰውዬ አካውንትዎ ውስጥ ገባ እንበል። ንባቦቹን ቢያጠፋ አንድ ነገር ነው። ግን አያጠፋቸውም። በእርስዎ ስም ለተማሪዎቹ ይጽፋል። ጋሼ ነኝ ልጄ፣ ስልክህ ላይ የመጣውን ቁጥር ላክልኝ ይላቸዋል። አንዱም አይጠራጠርም። እኔም ብሆን አልጠራጠርም፤ እልክለታለሁ። እርስዎ የሰውን ድምፅ እንደሚያምኑት እነሱ ደግሞ የእርስዎን ያምናሉ። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው።»

ጋሼ ንባቡ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጆቹን?» አሉ፤ ያ የሚያምር ድምፅ ሰለል ብሎ ወጣ። «በእኔ ስም ልጆቹን?»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ታዲያ ቁልፏ ምን ትፈይዳለች? እኔ እንደሆንኩ ያው ነኝ። ዛሬም ደውሎ ቢለማመጠኝ እነግረዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።»

«ቁም ነገሩ እሱ ነው ጋሼ። ያዋሩት። የጠየቀዎትን ሁሉ ይመልሱለት። ቁልፏ ውስጥ ግን የሚነገር ነገር የለም። ቁጥር የላትም፣ ቃል የላትም። ይሰኳታል፣ በጣትዎ ይነኳታል፤ በቃ። ሰውዬው ካለበት ተነሥቶ መጥቶ ከአንገትዎ ላይ ካልወሰዳት በቀር አይገባም።»

«ደግሞ የኛን የሚመስል ገጽ ቢልክልኝስ? የትናንቱ ቁርጥ የኛው ነበር፤ ቀለሙም ምልክቱም።»

«ይላክ። ቁልፏን ስናስመዘግብ ከእውነተኛው ገጽ አድራሻ ጋር ትተዋወቃለች። ሌላ ገጽ የቱንም ያህል ቢመስል መልስ አትሰጠውም። የገጹን መልክ አታይማ። እኔም አላይም፤ ለዚህ ይሆናል የወደድኳት» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ኮዱማ እኔን ሲያሠቃየኝ ነው የኖረው። ኮምፒውተሬ ቁጥሮቹን አንብቦልኝ እኔ ጽፌ ሳልጨርስ ጊዜው አልፏል ይለኛል። እሷን ግን በዳበሳ አገኛታለሁ።»

«አሻራዬን ታያለች እንዴ?»

«ይቺኛዋ አታይም። እዚህ ሰው መኖሩን ብቻ ነው የምታረጋግጠው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ካርቶኗ ዘረጉ። «እንግዲያው ጠባይህን ለውጥ አላልሽኝም» አሉ። «መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትዪኝ ኖሮ ካርቶኗን ራሴ እከፍታት ነበር። አምጪያት።»

ሥራው ሻያችን ሳይቀዘቅዝ አለቀ ብል አላጋነንኩም። በቅድሚያ የተሰረቀው የይለፍ ቃል ተለወጠ። አካውንቱ ሌላ ቦታ ተከፍቶ እንደሆነ ከሁሉም ቦታ እንዲዘጋ ተደረገ። ቁልፎቹ አንድ በአንድ ተመዘገቡ። በመጨረሻም በስልክ የሚመጣው ኮድ ጨርሶ እንዲቀር ተደረገ፤ እሱን መተው ዋናውን በር ቆልፎ መስኮቱን ክፍት መተው ነው አለች አራሚዋ። ጋሼ ንባቡ ቁልፏን በጣታቸው ሲነኳት ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለችባት። «በራች» ብለው ነገሯት። እሷም ከአንድ የተበላሸ ማዳመጫ ላይ ሽቦ ቆርጣ ማንጠልጠያ ሠራችላቸውና አንገታቸው ላይ አጠለቀችላቸው።

እኔ መምህር ነኝና ያየሁትን ሳልናገር አላልፍም። እኛ መካሪዎች ሰውን ንቁ ሁን፣ ተጠራጠር፣ አትታለል እያልን እናደክመዋለን። ነገር ግን ነቅቶ የዋለ ሰው አንድ ቀን ይደክመዋል፤ ልጁ ይታመምበታል፤ ይቸኩላል፤ ወይም እንደ ጋሼ ንባቡ እምቢ ማለት አይሆንለትም። ሌባ የሚጠብቀው ያችን ቀን ነው። ቁልፏ የምትጠቅመው ያን ቀን ነው። ቸር ሰው ቸርነቱን ሳይተው፣ የሚረሳውም ሰው መርሳቱን ሳያፍርበት ቤቱ ተቆልፎ ያድራል። መጠባበቂያዋን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ይህን ሁሉ በልቤ አሰናድቼ ልናገር አፌን ስከፍት ስልኩ ጠራ።

ጋሼ ንባቡ ሁለታችንንም አዩንና ድምፁን ለሁላችን እንዲሰማ አድርገው አነሱት።

«እንዴት ዋሉ አባቴ? ትናንት ተቋረጠብን» አለ ልጁ። እውነትም ጨዋ ነው፤ ታሪኩን ባላውቅ ኖሮ እኔም አምነው ነበር። «አሁን አዲስ ኮድ እልክልዎታለሁ።»

«ላክ ልጄ።»

ጠበቅን። አራሚዋ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች። ስልኩ ግን ጭጭ ብሏል።

«ደረሰዎት?»

«አልደረሰኝም። ከእንግዲህም አይደርሰኝም። አሁን በቁልፍ ሆኗል።»

«እሺ፣ የቁልፉን ቁጥር ይንገሩኛ አባቴ።»

«ቁጥር የላትም ልጄ። ደብቄህ አይደለም፤ ልንገርህ ብል እንኳ የምነግርህ የለኝም። ይቺውና፣ አንገቴ ላይ ናት። ከቸገረህ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ና፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ ጫፍ። ሻይም አለ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ጋሼ ንባቡ ስልኩን ትክ ብለው ተመለከቱት። «ደህና ዋሉ እንኳ አላለኝም» አሉ፤ ቅር ብሏቸዋል። አራሚዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እሳቸው ግን አልሳቁም። ማይክራፎኑን ወደራሳቸው ሳቡና «ቅረጪልኝ» አሏት።

«ልጆቼ፣ ጋሼ ንባቡ ነኝ። ወንዛችንን ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኔ ስም፣ በእኔ ድምፅም ቢሆን፣ ስልካችሁ ላይ የመጣውን ቁጥር ላኩልኝ የሚላችሁ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። እኔ ከናንተ የምፈልገው ጥያቄ ብቻ ነው።»

አራሚዋ ማዳመጫዋን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫን እንዳደረገች ቀረች። ከዚያ ንግግር ላይ የምትቆርጠው ነገር አልነበራትም።

ድምፅ ሳላሰማ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት። ኮሪደሩ ላይ፣ የተቃጠለው አምፑል ሥር ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ መጽሐፍ የያዘ አንድ ወጣት መጥቶ እጁን ወደ በሩ ሰደደ።

«ይቅርታ አባቴ፣ መጽሐፍ የሚመለሰው እዚህ ነው?»

«አይደለም ልጄ፤ ውስጥ እየቀረጹ ነው» አልኩት። የራሴ መጽሐፍ ገና ብብቴ ሥር መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። «እኔም እሱኑ ቦታ ነው የምፈልገው። ግን ገጹን አንብበው እስኪጨርሱ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»