አጥንቼ የመረጥኩት መስመር

ከቢቸና ወደ ሞጣ በምንሄድበት ሚኒባስ፣ ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ አጠገቡ ለተቀመጡ እናት ስልኩን ያሳያቸዋል።

«እማማ፣ ሁለት ሲም ነው የምይዘው። የአንዱ ኔትወርክ ቢጠፋ ሌላው ይሠራል።»

«ሁለቱም ቢጠፉሳ?»

«አይጠፉም! አጥንቼ ነው የመረጥኳቸው።»

«ጎሽ! አሁን ወዴት ነህ?»

«ሞጣ፣ ለቅሶ ልደርስ። አጎቴ አርፈው ነው።»

«ነፍስ ይማር! ለቀብሩ ትደርሳለህ?»

«ቀብሩማ ትናንት አለፈ።»

«ምነው፣ አልደወሉልህም?»

«ሲደውሉ ነበር አሉ፤ አልገባላቸውም።»

«በየትኛው?»

«በሁለቱም።»

«ታዲያ ማን ነገረህ?»

«ጎረቤቴ። ገበያ ሰምቶ፣ አህያውን እየነዳ መጥቶ ነገረኝ።»

«በል እንግዲህ ልጄ፣ እሱን አጥብቀህ ያዝ። ቻርጅም አይፈልግ።»

እኔም ሞጣ እስክንገባ ድረስ፣ በመስኮቱ አህያ የሚነዳ ሰው ባየሁ ቁጥር የእኔን መርዶ ይዞ የመጣ እየመሰለኝ ልቤ ድንግጥ ይል ነበር።