ሽማግሌ የተላከለት መጽሐፍ

ክልሉ በተቋቋመ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ አሶሳም ርዕሰ ከተማነቷን ገና በመልመድ ላይ ሳለች፣ በአንድ መጽሐፍ ምክንያት ሁለት የማይገጥሙ ወሬዎች ይወሩ ነበር።

የባምባሲው ሽማግሌ ኦቦ ዲሳሳ እንዲህ ይሉ ነበር፦ «መምህር ጃለታ መጽሐፍ ጻፈና እንዲታተምለት እኛን ሽማግሌ አድርጎ ወደ ባህል ቢሮ ላከን። ጋቢያችንን ለብሰን በማለዳ ሄድን። እነዚያ ልጆች ግን እንደ ተከሳሽ በጥያቄ አፋጠጡን። ሽበታችንንም አላዩ፤ መጽሐፉንም አልፈለጉ።»

የቢሮው ሠራተኞች ደግሞ ሌላ ይላሉ፦ «ሦስት አባቶች መጡ። ወንበር ሰጠን፤ ሻይ አስመጣን። መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው ‹ስለ መልካም ነገር ነው› አሉን። ምን ምን እንደሚል ስንጠይቃቸው ‹ጸሐፊው መጠጥ አይቀምስም፤ ከጎረቤት ተጣልቶ አያውቅም፤ ዘሩም የታወቀ ነው› አሉን። እንግዲያው የሚታተመው ጽሑፍ በሚመረጥበት ቅዳሜ ደራሲው ራሱ አዳራሽ መጥቶ ስለ ጽሑፉ ይንገረን ብንል ተቆጥተው ወጡ። የመጽሐፉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ረስተውት ሄዱ።»

ለፍርድ የተቀመጠ ሰው ሁለቱንም ወገን ውሸታም ሊል አይችልም። ኦቦ ዲሳሳ የሄዱት ሴት ልጅ ለመጠየቅ እንደሚኬደው አድርገው ነው። በዚያ ሥርዓት ሽማግሌ ፊት «ልጁ ራሱ ይምጣና ይናገር» ማለት ስድብ ነው። ቢሮው ደግሞ የፈለገው ስለ መጽሐፍ መስማት እንጂ አማች መምረጥ አልነበረም።

መምህር ጃለታ የሰሙት የኦቦ ዲሳሳን ወሬ ብቻ ነበር። ከወለጋ በወጣትነታቸው ተመድበው የመጡ፣ ዕድሜያቸው አሁን ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ዝምታ የሚወዱ ሰው ናቸው። ለዓመታት የተማሪ ደብተር አርመው ሲጨርሱ ያን መጽሐፍ ሲጽፉ ኖረዋል። «አልፈለጉትም» የሚለው ቃል አንጀታቸውን ስለቆረጠው፣ አንድ የገበያ ቀን ወረቀታቸውን ተቀብለው ሣጥን ውስጥ ሊቆልፉት ቆርጠው ወደ ባምባሲ መኪና መጠበቂያ ወጡ።

ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆመው የአሶሳ መኪና ሲጠባበቁ «ጋሼ ጃለታ!» የሚል ድምፅ ሰሙ። ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት ፋይሏን ብብቷ ሥር ሸጉጣ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው።

«አላወቁኝም? ኢንቲሳር ነኝ፤ ኩርሙክ፣ መስኮቱ ጋ የምቀመጠው!»

መምህሩ እጇን እንደያዙ ቀሩ። ኩርሙክ፣ ያቺ የድንበር ከተማ፣ የመጀመሪያ ተማሪዎቻቸውን ያስተማሩባት ናት። ጦርነት መጥቶ ሰዉ ግማሹ ወደ ሱዳን፣ ግማሹ ወደ ጫካ ከተበተነ ወዲህ ከዚያ ክፍል አንድም ልጅ አላዩም።

«አለሽ?» አሉ።

«አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ኮሌጅ ጨርሼ ባህል ቢሮ ገብቻለሁ፤ እዚህም ለሥራ መጥቼ ነው። መጽሐፍዎንም አንብቤዋለሁ። ግን ጋሼ፣ እኔን ‹ሰነፍ ነበረች› ብለው ጽፈውኛል። በሒሳብ ብቻ እኮ ነው!»

«በሒሳብም፣ በእርሻ ትምህርትም» አሉ መምህር ጃለታ፤ ሳያስቡት ሳቁ።

«እሺ ይሁን። ቅዳሜ እንጠብቅዎታለን።»

«የለም ልጄ። አሁን የምሄደው ወረቀቴን ልወስድ ነው። ኦቦ ዲሳሳን የሚያህል ሰው አዋርዳችሁ መልሳችሁልኛል።»

ኢንቲሳር ሌላኛውን ወሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። «መጠጥ አይቀምስም» የሚለው ላይ ስትደርስ መምህሩ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«እውነት እንደዚያ አሉ?»

«ወላሂ! አባቶች ከወጡ በኋላ ኃላፊያችን ‹ያልተዳረች ልጅ ብትኖረኝ ዛሬውኑ እሰጠው ነበር› አለ። እኛም እስከ በር ሸኝተን ነገሩን ማስረዳት ነበረብን፤ ያ ጥፋታችን ነው። ግን ልጠይቅዎት፤ ኦቦ ዲሳሳ መጽሐፉን አንብበውታል?»

«ዓይናቸው ደክሟል፤ ምኑን ያነቡታል?»

«እዚህ ባምባሲ ያነበበውስ ማን ነው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ከእርስዎ በቀር ማን ይናገርለት?»

«ልጄ፣ እኔ ባደግሁበት ቤት ሰው ስለ ራሱ ሥራ አይናገርም። ሌላ ይመስክርልህ ይባላል። አደባባይ ቆሞ ‹የጻፍሁትን ስሙልኝ› የሚል ሰው ደጅ ጠኚ ይመስለኛል። ዝም ደግሞ አይነቅዝም።»

«ዝም አይነቅዝ ይሆናል፤ በእኛ አገር ግን ወረቀትን ምስጥ ይበላዋል።»

መምህር ጃለታ ፈገግ አሉ። ባለፈው ክረምት ምስጥ የጓዳቸውን በር መቃን ጨርሶባቸዋል።

«ደጅ ጥናትስ የቱ ነው ጋሼ?» አለች ኢንቲሳር። «ሽማግሌ ልኮ ‹ስለ ሽበታችን ብላችሁ አትሙለት› ማስባል ነው? ወይስ ‹ይህን ጻፍሁ፤ ሰምታችሁ ፍረዱ› ማለት? ሽማግሌ ለዕርቅ ይላክ፤ ለጋብቻም ይላክ፤ እኔም ቀኔ ሲደርስ እንዲላክልኝ እፈልጋለሁ። እዚያ የሚፈለገው የሰው ጠባይ ነው፤ ጎረቤት ያውቀዋል፣ ይመሰክራል። መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ግን የሚያውቀው የጻፈው ሰው ነው።»

መምህሩ ትክክለኛ ነገር ሲነገራቸው የመቀበል ልማድ ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ የተቀበለው ጆሯቸው ነበር፣ ሆዳቸው አልነበረም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«እውነቱን ልንገርሽ። ከሥርዓቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ ስናገር ድምፄ አይንቀጠቀጥም፤ የማስተምረው ሌላ ሰው የጻፈውን ነዋ። ይኼ ግን ናፍቆቴ ነው። አደባባይ አውጥቼው ቢስቁብኝስ?»

«ይስቁ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ስብሰባ ላይ አማርኛዬ ጠፍቶብኝ ኃላፊውን ‹አንቺ እንዳልሽው› ብዬዋለሁ።»

«ኃላፊውን?»

«ባለ ጢሙን ኃላፊ! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልቀመጥ አሰብሁ፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ሳቁ ሲያልቅላቸው የጀመርሁትን ጨረስሁ፤ ለቶንጎ ትምህርት ቤት ልጆች መጽሐፍ እንዲላክ የተወሰነው በዚያ ቀን ነው። ሳቅ ያልፋል ጋሼ። ያልተነገረ ነገር ነው የማያልፈው። በሉ አሁን ይሞክሩት። እኔ ቅዳሜ የሚሰማዎት ኮሚቴ ነኝ።»

መምህር ጃለታ ግራ ቀኝ አይተው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ክቡራንና ክቡራት፣ ምንም እንኳ ዕውቀቴ አነስተኛ፣ ብዕሬም ደካማ ቢሆን፣ ውድ ጊዜያችሁን በማባከኔ አስቀድሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በቅድሚያም...»

«ጋሼ፣ ኮሚቴው እንቅልፍ ወሰደው።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«አያሞግሱት፤ አይንቀፉትም። ስለ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደጻፉት፣ ማን እንዲሰማው እንደሚፈልጉ ብቻ ይንገሩኝ።»

መምህሩ ወደ አሶሳ የሚወስደውን አቧራማ መንገድ ተመለከቱ። ከአሶሳ ወዲያ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ፤ እስከ ኩርሙክ የሚዘልቅ። ሲናገሩ የኮሚቴውን ነገር የረሱት ይመስሉ ነበር።

«ኩርሙክ አስተማሪ ነበርሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተኩስ መጣ፤ ሰው ሁሉ የቻለውን ተሸክሞ ወጣ። እኔ ቀረሁ። በማግስቱ እንደ ልማዴ ክፍል ገብቼ ስም መጥራት ጀመርሁ። አቤት የሚል የለም። ኦመርን ጠራሁት፤ ግመል መሣል የሚወድ፣ የሚሥላቸው ግመሎች ሁሉ የሚስቁ ልጅ ነበር። ዝም። ባዶ ወንበር እያየሁ እስከ መጨረሻው ጠራሁ። መጽሐፉ ያ ጥሪ ነው። እያንዳንዱ ልጅ እንዴት እንደነበረ ጻፍሁ። ያሉበት ሆነው ቢሰሙኝ፣ የት እንዳሉ ባውቅ ብዬ ነው።»

አጠገባቸው ማንጎ የምትሸጥ የበርታ ሴት ደንበኛዋን ትታ ወደ እነሱ ዞራ ነበር።

«ከዚያስ?» አለች።

መምህሩ ደነገጡ። «ምን አልሽኝ እናቴ?»

«ልጆቹ የት ሄዱ? ኦመር፣ የግመሉ ልጅ፣ አልተገኘም?»

«አልተገኘም።»

«ጥራው እንጂ!» አለች የተቆጣች ያህል። «በቀስታ አይሰማም። ሱዳን ሩቅ ነው።»

መኪናው መጣና መምህር ጃለታ ተሳፈሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈሩት የኖሩት ነገር እዚያው ማንጎ ሥር ተፈጽሞ ነበር፦ የማያውቁት ሰው ሰማቸው፤ አልሳቀባቸውም፤ የቀረውን ነገር ጠየቃቸው።

አሶሳ ሲደርሱ ወረቀታቸውን ከቢሮው ተቀበሉ። ሣጥን ውስጥ አልቆለፉትም፤ ለቅዳሜ ይዘጋጁበት ጀመር።

ስለ ሥራችን መናገርን ከትዕቢት የምንቆጥር ብዙዎች ነን። ትሕትና መልካም ነው፤ ግን ፍርሃት የትሕትናን ጋቢ ለብሶ ስንት ዘመን እንዳታለለን እያንዳንዱ ራሱን ይጠይቅ። ደራሲ በሰው ፊት ቆሞ ሥራውን ሲናገር የጎደለውን የሚያሟላለት፣ የተሳሳተውን የሚያርምለት ያገኛል። ጽሑፉን አልጋ ሥር የደበቀ ሌላ ሰውም እሱን አይቶ ይደፍራል። ይህ አዲስ ክልል ታሪኩን ሌሎች እንዲነግሩለት ሳይጠብቅ በገዛ አፉ መናገርን ይለምዳል። ከዚህም ሌላ የተመረጠው ጽሑፍ ታትሞ በሬዲዮ ይነበባል ተብሏል፤ ሬዲዮ ደግሞ ድንበር አያቆመውም። መምህር ጃለታ ይህን ሁሉ አሰቡ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን የመጨረሻውን አሰቡ።

ከቅዳሜው በፊት ኦቦ ዲሳሳ ቤት ሄደው ነገሩን አስረዷቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጡና «ገብቶኛል፤ ብቻህን ግን አትገባም» አሉ። የገባቸው አይመስልም ነበር።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። አስተማሪዎች፣ ነጋዴዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞች ተቀምጠዋል። ኦቦ ዲሳሳ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከፊት ረድፍ ላይ፣ መምህሩ ከጎናቸው። ኢንቲሳር ከግድግዳው ጥግ ቆማለች። ኃላፊው መምህሩ መልሰው ያስረከቡትን ወረቀት ብድግ አድርጎ «ስለ ኩርሙክ የተጻፈው መጽሐፍ፤ ማን ይናገርለታል?» አለ።

ኦቦ ዲሳሳ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉ። «እንግዲህ ልጆቼ፣ ይህ ጃለታ የምትሉት ሰው...» ብለው ጀመሩ።

ከወደ ኋላ ሳቅ ተሰማ። መምህር ጃለታ ፊታቸው ጋለ። ተቀምጠው ቢቀሩ የሚወቅሳቸው አልነበረም፤ ነገሩ እንደ ወጉ ያልፋል፤ መጽሐፉም ከሽማግሌው ምስክርነት ጋር ወደ ባምባሲ ይመለሳል። ወረቀቱ በኃላፊው እጅ እንዳለ አዩት፤ የልጆቹ ስም ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

ተነሡ። ለሽማግሌው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ፤ ከዚያ ቀና ብለው፣ የመጨረሻው ወንበር ድረስ በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ፦

«ኦቦ ዲሳሳ፣ ይቅርታዎን፤ ዛሬ ይቀመጡልኝ። መጽሐፉን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የምናገርለትም እኔው ነኝ።»