በልጄ ፈንታ የመለስኩት መልስ

በጦርነቱ ከግራና ተፈናቅለን መርሳ በተጠለልንበት ጊዜ፣ ለልብስ ሰፊ ሴቶች ሥራ ተገኘ ተባለ። በምርኩዝ የምትሄደውን ልጄን ዘሃራን ይዤ ለምዝገባ ሄድኩ። መዝጋቢው ስሟን ከጻፈ በኋላ ምርኩዟን አየና፣ እሷን አልፎ፣ "አባባ፣ የስፌት መኪናው በእግር የሚረገጥ ነው። ለዚች ምስኪን ከእርዳታው ስንዴ እንሰጥዎታለን" አለኝ።

ዘሃራ፣ "ሰፊዋ እኔ ነኝ፤ ለእኔ ንገረኝ። ግራና ሳለሁ የሀገሩን ልብስ የሰፋሁት በእጅ በሚዞር መኪና ነው" አለችው። ሰውየው አሁንም ወደ እኔ ዞሮ፣ "ምን አለች?" አለኝ። እግሯ ቢያነክስ ምላሷም የታሰረ መስሎታል።

ተናደድኩ። ነገር ግን ስንዴውም እንዳይቀርብን ፈራሁና፣ "ተይው ልጄ" አልኳት። መዝጋቢውም፣ "አንቱ እንኳን ገባዎት" ብሎ ስሟን ከሰፊዎቹ ዝርዝር ሰረዘው። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።