ጡብ አስጎብኚው

አንቺ! ነይ እስቲ፣ አጠገቤ ያለው የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ባዶ ነው፣ ተቀመጪ። ፀጉርሽ የተጠቀለለበት ቢጎዲን ራሱ እንዴት አምሮብሻል! እናትሽ ደህና ናቸው? ባለቤትሽስ? አለቃ ከሆነ ወዲህ ድምፁ ሳይቀር ጎርነን ብሏል አሉ... እሰየው፣ ይገባዋል።

እኛ? አለን። የኔው ሰውዬ ከሰኞ ጀምሮ ቤት ነው፤ ከሥራ አግደውታል። ቧንቧ ሲጠግን ይውላል፣ ያልተበላሸውን ጭምር።

እሱን ተይው። ስለ አንድ ሰው ላጫውትሽ ብዬ ነው። ያንቺን ባል ማለቴ አይደለም፣ ኧረ በፍጹም! እዚያው እነሱ የሚሠሩበት ጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ያለ... አንድ ሰው። መቼም ጡቡን ታውቂዋለሽ፤ ናፍጣ ይቅር ተብሎ የተሠራውን ትልቅ የብረት ሣጥን። ቀን ጣሪያው ላይ ባለው የፀሐይ ኤሌክትሪክ ውስጡ ያለው ጡብ ይግላል፤ ማታ ያው ሙቀት ውሃውን እንፋሎት ያደርግና ጨርቁ ይቀለማል። ሕጉ አንድ ነው፦ ሲግል በሩ አይከፈትም። የኔው ሰውዬ ያንን በር የተኛ ሕፃን እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የሚጠብቀው።

ያ ሰው ግን እንግዳ ይወዳል። ደግ አይደል? ሹም መጣ፣ ክፈቱ! ጋዜጠኛ መጣ፣ ክፈቱ! የሚስቱ እህት ሳትቀር ከቀላው ጡብ ፊት ፎቶ ተነሣች አሉ... እህትሽስ ደህና ናት? አይ፣ እንዲሁ ትዝ ብላኝ ነው። ውሃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ፤ ጡብን ምን ያቀዘቅዘዋል ቢሉ... ጉብኝት!

ማታ ላይ እንፋሎቱ አለቀ። ቀይ ይሆናል የተባለው ጨርቅ ዝንጉርጉር ሆኖ ወጣ። ተዘግቶ የነበረው የናፍጣ ቦይለር ተቀሰቀሰና ሰፈሩ ያሰጣው ልብስ ሁሉ ጠቆረ። ያንቺም አንሶላ ነበረበት መሰለኝ?

"ሙቀቱን ማን አባከነው?" ሲባል ያ ደግ ሰው... ወደ ባሌ አየ። አልዋሸም፣ ይኸውልሽ! ጨዋ ሰው የት ይዋሻል? ዝም ብቻ ነው ያለው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ከሱ አፍ ደግሞ እውነትም አይወጣም። የእገዳው ወረቀት ላይ ያለው ፊርማው ግን እንዴት ያምራል መሰለሽ!

ዓርብ ኮሚቴው ይሰበሰባል። "በሩን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ" ቢል አለቀ። ካላለ ግን የኔው ሰውዬ ይባረራል፤ በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል? ያንገበግበኛል እህቴ፣ አልደብቅሽም። ደግሞ እኮ ሥራውን ያስተማረው የኔው ሰውዬ ነው... ያንን ሰው ማለቴ ነው።

ውይ፣ ተነሣሽ እንዴ? ፀጉርሽ ገና እርጥብ ነው እኮ! በይ እንግዲህ፣ ከቸኮልሽ አልይዝሽም። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ልጆችሽን እግዜር ያሳድግልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ... ሲያድጉ ደግሞ ቁርጥ አባታቸውን ያድርጋቸው!