አቧራ መስላ የተጠረገችው ነጥብ

ለመንጃ ፈቃድ እድሳት ያስገባሁት ፎቶ «ይህ እርስዎ አይደሉም» ተብሎ ተመለሰልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ አይደለህም ተብዬ ግን አላውቅም። ፎቶውን አተኩሬ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ከአፍንጫዬ ጎን ያለችው፣ ከእናቴ የወረስኳት ኪንታሮት ድራሿ ጠፍቷል። በንዴት ጦፌ ወደተነሳሁበት ፎቶ ቤት ገሰገስኩ።

ባለቤቱን ሰፈሩ «ጋሽ አሳምር» ይላቸዋል። እሳቸው ጋ ጠባሳ ይጠፋል፣ የጎደለ ጥርስ ይተካል፣ ሩቅ አገር ያለ ልጅም ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ ከእናቱ ጎን ይቆማል። ማንም ሳይጠይቃቸው ያሳምራሉ።

ስገባ ግን ለእኔ ንዴት ቦታ አልነበረም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰችው የልጅ ልጃቸው አንድ ትልቅ ፖስተር ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ እንባ ተናንቋት ቆማለች።

«እንኳን መጡ መምህር! እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ ጋሽ አሳምር።

«ስምንት ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቶች የሥነ ፈለክ ውድድር አለ» አለች ልጅቱ። «አንደኛ ለወጣ ትልቁ የራዲዮ ቴሌስኮፕ እሱ ወደመረጠው የሰማይ ቦታ ለአንድ ሰዓት ይዞርለታል። የእኔ ሥራ የአንድ ጋላክሲን ሁለት ምስሎች አንዱን በአንዱ ላይ መደረብ ነው። አንዱ በብርሃን የተነሳ ነው፤ ሌላው ከሰማይ ከሚመጣ የራዲዮ ሞገድ የተሠራ። አባባ ግን የራዲዮውን ገፉብኝ!»

«ብገፋው ምን አጠፋሁ? ይዩልኝ መምህር፤ ጋላክሲው መሃል ላይ ነው። የራዲዮው ሁለት ድምቀቶች ግን ግራና ቀኝ፣ ባዶ ሰማይ ላይ ተንሳፍፈዋል። የራዲዮውን ምስል በሙሉ ሳብ አድርጌ ትልቁን ድምቀት ጋላክሲው ላይ አስቀመጥኩት፤ አማረ። አርባ ዓመት ሰው ከሰው ያጋጠምኩበት ዓይን ነው። በዚህ ቤት የተዛነፈ ነገር አይታተምም!»

ያን የሚያህል ወረቀት የሚያትም ማሽን በከተማው ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሰዓቱ ደግሞ አምስት አልፏል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ታላቅ ይከበራል።

«ልጄ፣ አታልቅሺ፤ አስረጃቸው» አልኳት።

«አባባ፣ በብርሃን የሚደምቀው በራዲዮም መድመቅ የለበትም። ይህ ጋላክሲ ከመሃሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ኃይለኛ የቅንጣቶች ጅረት ይረጫል። በዓይን አይታይም፤ በራዲዮ ግን ዋናው ድምቀት እሱ ነው። ባዶ የመሰለዎት ቦታ ባዶ አይደለም።»

«እሺ፣ ድምቀቱን ካልያዝኩ በምን ላጋጥመው?»

«በአድራሻው። በየምስሉ ፋይል ውስጥ የሰማይ አድራሻ አለ፤ እንደ ካርታ ኬክሮስና ኬንትሮስ ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ በዚያ እየተመራ አንዱን በሌላው ልክ ያደርገዋል፤ የዞረም ካለ ያቃናዋል። እኔ እጄን አላስገባም።»

«ቁጥርም እኮ ይሳሳታል!»

የሒሳብ መምህር ፊት እንዲህ ይባላል? ቢሆንም እውነታቸውን ነው፤ አድራሻም ተሳስቶ ሊጻፍ ይችላል። ልጅቱ ግን ለዚህም መልስ ነበራት።

«ስለዚህ እንፈትነዋ! በራዲዮው ላይ ከትላልቆቹ ሌላ አሥራ ሁለት ትናንሽ ነጥቦች አሉ። ብዙዎቹ ሩቅ ያሉ ጋላክሲዎች ናቸው። አገጣጠሙ ልክ ከሆነ እነሱም በብርሃኑ ፎቶ ላይ ቤት ቤታቸውን ያገኛሉ። ማጉያዎን ያምጡ።»

ጋሽ አሳምር ማጉያ መነጽራቸውን ይዘው እሳቸው ገፍተው ባተሙት ፖስተር ላይ ጎነበሱ። የመጀመሪያዋ ነጥብ ባዶ ቦታ ላይ ናት። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም። አንዷም ቤቷን አላገኘችም። ቀጥሎ ልጅቱ የራሷን ሥራ ስክሪኑ ላይ ከፈተች። አንድ፣ ልክ። ሁለት፣ ልክ። በቆጠሩ ቁጥር ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ፤ ሰባት ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አሥራ አንዱ ልክ ገጠሙ። አሥራ ሁለተኛዋ ብቻ ምንም በሌለበት ቦታ ቀረች።

«ቆይ፣ እሷ በእርስዎ ፖስተር ላይ ጭራሽ የለችም» አልኩ።

ጋሽ አሳምር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሷማ... አቧራ መስላኝ ጠረግኋት።»

«እንደ ኪንታሮቴ!» ብዬ ፎቶዬን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ፎቶውን አዩ፣ አፍንጫዬን አዩ፣ ፖስተሩን አዩ።

«አባባ» አለች ልጅቱ፣ እንባዋ ደርቆ፤ «አሥራ አንዱ ልክ ከሆኑ ብቻዋን የቀረችውን ስህተት ናት ብዬ መጣል አልችልም። በራዲዮ ትታያለች፣ በብርሃን የለችም። ምን እንደሆነች አላውቅም። ቴሌስኮፑ እንዲዞርልኝ የምፈልገው ወደ እሷ ነው።»

የሽማግሌው ሳቅ መጣ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ዛሬ ሞኙንም ወረቀቱንም ሆንኩ! አምጪው፤ እንዳለ ይታተም።»

አንባቢ ሆይ፣ ዓይን አይጠቅምም አላልኩም፤ ፈተናውን የፈጸመው ያው የጋሽ አሳምር ዓይን ነው። ነገር ግን በአድራሻ የተጋጠመን ምስል የትም ያለ ተማሪ ደግሞ ሠርቶ ያንኑ ያገኛል። ለማማር የተገፋውን ግን ከገፊው በቀር የሚደግመው የለም። ያልገጠመውን ነገር ካልደበቅነው ደግሞ እሱ ራሱ ጥያቄ ሆኖ አዲስ ነገር ያስተምረናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው፣ ቀድሞ የጠረገው ሰው ከሌለ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሦስታችንም አዳራሹ ውስጥ ነበርን። ዋናው ዳኛ ፖስተሩ ፊት ቆመው አዩ፣ አዩና፣ ብቸኛዋን ነጥብ በጣታቸው ጠረግ ጠረግ አደረጓት።

«ኧረ እንዳይነኳት!» ብለው ጋሽ አሳምር ከኋላ ወንበር ብድግ አሉ። «እሷ አቧራ አይደለችም!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ዳኛው ግን አልሳቁም፤ «ታዲያ ምንድን ናት?» ብለው ወደ ልጅቱ ዞሩ። «አላውቅም፤ ለማወቅ ነው የመጣሁት» አለች። አንደኛ የወጣችውና ቴሌስኮፑ ወደዚያች ነጥብ እንዲዞርላት የተወሰነው በዚያው ቀን ነው።

አሁን ጋሽ አሳምር ሰው የጨመሩበት ፎቶ ሁሉ ጀርባው ላይ ማን እንደተጨመረ ይጽፋሉ። የእኔንም በማግስቱ አስረከቡኝ። ኪንታሮቴ በቦታዋ ናት፤ እንዲያውም ትንሽ ጎላ ሳያደርጓት አልቀሩም።